የተመልካች ችሎት

እኛ አገር ጨዋታ የሚጀመረው ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ከነፋ በኋላ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ዘጠና ደቂቃው ያልቃል፣ ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፤ ክርክሩ ግን ከቡና ቤት ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ቢሮ ይሻገራል። «ያን ልጅ ባያስወጣው ኖሮ!»፣ «ለግራው አቀብሎ ቢሆን ኖሮ!» የአሰልጣኙ ደመወዝም ሆነ የዋንጫው ብዛት አይበግረንም። ለንደንን በፖስት ካርድ እንኳ ያላየ ሰው የአርሰናልን የተከላካይ መስመር ጉድለት አንድ በአንድ ያስረዳችኋል። ቁም ነገር ወዳዶች ደግሞ ከዳር ቆመው «ምነው ይሄን ጉልበት ለሌላ ነገር ባዋልነው!» ይላሉ።

እኔ ዛሬ ለተከራካሪው ጥብቅና ልቆም ነው። ምስክር የምጠራው ግን ከኳስ ሜዳ አይደለም። ብዙ ወላጅ «የልጆች ማደንዘዣ» እያለ ከሚያማርረው፣ ልጁን ከፕሌይስቴሽን ቤት ጎትቶ ከሚያወጣበት ከቪዲዮና ከኮምፒዩተር ጨዋታ ዓለም ነው። እዚያም ዋንጫ አለ፣ እዚያም ደመወዝተኛ ተጫዋች አለ፣ እዚያም እንደኛው አፉ የማያርፍ ተመልካች አለ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ በቀላሉ እንጀምር። ኦገስት 1 ቀን 2004፣ ፖሞና፣ ካሊፎርኒያ። «ኢቮ» በሚባለው ዓመታዊ ውድድር ላይ ሁለት ወጣቶች «ስትሪት ፋይተር 3» የተባለውን የቡጢና የእርግጫ ጨዋታ ይጫወታሉ። አንዱ ጃፓናዊው ዳይጎ ኡሜሃራ ነው፤ ሌላው አሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ። የዳይጎ ተፋላሚ ሞቷል ማለት ይቻላል፤ የቀረችው ነፍስ በስክሪኑ ላይ እንደ ክር የቀጠነች ናት። በዚህ ጨዋታ አንድ ከባድ ምት ብትከላከለውም እንኳ ትንሽ ትንሽ ይልጥሃል። ስለዚህ ዳይጎ መከላከልም አያድነውም።

ዎንግ የመጨረሻዋን መሣሪያ መዘዘ፦ በተከታታይ 15 ጊዜ የምታርፍ የእርግጫ ናዳ። ዳይጎ የነበረው ምርጫ አንድ ብቻ ነው። እያንዳንዱ እርግጫ በሚያርፍበት ቅጽበት መምቻውን ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጠላቱ መግፋት፤ ያኔ ምቱ ምንም ሳይጎዳው ይመክናል። ጊዜዋ የሴኮንድ ቅንጣት ናት፤ አንዷን ከሳተ አለቀ። የመጀመሪያዋን ለማምከንማ ምቷን አይቶ ሳይሆን ቀድሞ ገምቶ መንቀሳቀስ አለበት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አሥራ አምስቱንም አመከነ። አዳራሹ ሲናጥ እሱ መልሶ መታና ዙሩን አሸነፈ።

አሁን ልብ በሉ። ይህ የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረም። ወደ ፍጻሜው የሚያሳልፍ ጨዋታ ነበር። በፍጻሜው ዳይጎ በአገሩ ልጅ በኬንጂ ኦባታ ተሸንፏል። ታዲያ የዚያን ዓመት ዋንጫ ማን ወሰደ ተብሎ ቢጠየቅ ስንቱ ይመልሳል? ያቺን የጭንቅ ሰዓት ግን ጨዋታውን ነክቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ አይቷታል። ዋንጫውን የሰጠው አዘጋጁ ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚታወሰውን የመረጠው ግን ተመልካቹ ነው።

ተመልካቹ ደግሞ አጨብጭቦ ብቻ አልተወም። ተከራከረበት። አንዱ ወገን «ይህን ያህል ምን ያስደንቃል? ያቺን የእርግጫ ናዳ ማምከን ቤት ቁጭ ብሎ የሚለማመዱት ነገር ነው፤ ምቶቹ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ምት ነው የሚመጡት» አለ። ሌላው «ቤት ቁጭ ብሎና በአንዲት ክር ነፍስ፣ ሰው ጆሮህ ላይ እየጮኸ አንድ ነው እንዴ?» ብሎ መለሰ። ሦስተኛው ጥፋቱን ወደ ዎንግ አዞረ፦ «እየመራ ሳለ ማን ቸኩል አለው? ሰዓቱ እስኪያልቅ አይጠብቅም ነበር?» በዚህች አንዲት ጥያቄ ውስጥ ስንት ነገር አለ! ችሎታ ምንድን ነው፣ ድፍረት ምንድን ነው፣ ትዕግሥት መቼ ነው ከጉብዝና የሚበልጠው? እነዚህን ለመጠየቅ የግድ ፍልስፍና ክፍል መግባት አያስፈልግም።

* * *

የተመልካች ችሎት ግን በወጉ የተደራጀው ካሊፎርኒያ ሳይሆን ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ነው። መነሻው ደግሞ ችግር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ የኮሪያ ኢኮኖሚ ወደቀ። መንግሥት የዓለም የገንዘብ ድርጅትን ደጅ ጠና፤ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚሆን የብድር ድጋፍ ተዘጋጀለት። ኩባንያዎች ተዘጉ፣ ሠራተኛ በገፍ ተባረረ። ከሥራ የተሰናበተው አባወራ የተረፈችውን ገንዘብ ይዞ ምን ልነግድ አለ። ብዙዎቹ «ፒሲ ባንግ» ከፈቱ፤ ኮምፒዩተር ተደርድሮ በሰዓት የሚከራይበት ክፍል ማለት ነው። መንግሥትም በበኩሉ ፈጣን የኢንተርኔት መስመር በየከተማው ይዘረጋ ነበር። በማርች 1998 ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ስታርክራፍት» የሚባል የጦርነት ጨዋታ አወጣ። ሥራ ያጣ ወጣት፣ ርካሽ ክፍል፣ የማያልቅ ጨዋታ፤ ሦስቱ ተገናኙ። በ2001 የፒሲ ባንጎቹ ቁጥር ከ20 ሺህ በልጦ ነበር። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ከተሸጠው የስታርክራፍት ቅጂ ግማሽ ገደማው፣ ማለትም 4.5 ሚሊዮን ያህሉ፣ የተሸጠው በዚያች አገር ነው።

ሰው ሲጫወት ደግሞ ዙሪያውን ቆሞ የሚያይ አይጠፋም። በ1999 አንድ የካርቱን ቴሌቪዥን ጣቢያ ውድድሩን ማስተላለፍ ጀመረ። በ2000 «ኦንጌምኔት» የሚባል ለዚሁ ሥራ የተፈጠረ ጣቢያ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ማኅበርም ተቋቋመ። እንደ ኤስኬ ቴሌኮምና ሳምሰንግ ያሉ ታላላቅ ኩባንያዎች ቡድን አቋቋሙ። በጁላይ 17 ቀን 2004 ቡሳን ከተማ በጓንጋሊ የባሕር ዳርቻ የተካሄደውን የቡድኖች ፍጻሜ ለማየት የወጣው ሕዝብ 100 ሺህ ያህል ነው ተብሎ ተዘገበ። ቁጥሩ ቢያከራክርም አሸዋው ላይ ቦታ እንዳልነበረ ፎቶግራፎቹ ይመሰክራሉ።

ጨዋታው ምን ይመስላል? እያንዳንዱ ተጫዋች በትንሽ ሰፈርና በጥቂት ሠራተኞች ይጀምራል። ማዕድን ይቆፍራል፣ ቤት ይሠራል፣ ጦር ያሠለጥናል። ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ። ጎበዝ የሚባለው በደቂቃ 300 ጊዜና ከዚያ በላይ እጁ ይንቀሳቀሳል። የጠላት ሰፈር በጭጋግ የተሸፈነ ስለሆነ ሰላይ ካልላክህ ምን እየተደገሰልህ እንደሆነ አታውቅም። የፊሽካ ዳኛም የለም። ማለቁን የሚያውጀው ተሸናፊው ራሱ ነው፦ «ጂጂ» ብሎ ይጽፋል፤ «ጥሩ ጨዋታ ነበር» ማለት ነው። ከዚያ ይወጣል።

ይህን ሁሉ ሕዝብ እንዴት ተረዳው? በተንታኞቹ። ከእነሱ መካከል ስመ ጥሩ የሆነው ኦም ጄ-ግዮንግ አስቀድሞ የካርቱን ታሪክ ጸሐፊ ነበር። ለተጫዋቾች ማዕረግና ቅጽል፣ ለጨዋታዎች ትረካ ሰጠ። «ቦክሰር» በሚል ስም የሚጫወተው ሊም ዮ-ህዋን «ንጉሠ ነገሥቱ» ተባለ፤ የአድናቂዎቹ ክበብ ከ600 ሺህ አባላት በላይ ነበረው። ተቀናቃኙ ሆንግ ጂን-ሆ «ማዕበሉ» ተባለ። ማዕበሉ እንደ ስሙ ነው፤ ጠራርጎ ይመጣል፣ ፍጻሜ ይደርሳል፣ እዚያ ይቆማል። በ2001 በታላቁ የኦንጌምኔት ሊግ ፍጻሜ ቦክሰር 3 ለ 2 አሸነፈው። ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ፍጻሜ ደረሰ፤ የታላላቆቹን ሁለት ሊጎች ዋንጫ ግን አንዴም አላነሳም።

ኖቬምበር 12 ቀን 2004 ሁለቱ በግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። አገሩ ሁሉ ታላቅ ፍልሚያ ጠበቀ። ጨዋታው ተጀመረ። ሆንግ እንደ ልማዱ ኢኮኖሚውን ቀድሞ ለማስፋት ሁለተኛ ሰፈር ይሠራል። ቦክሰር ግን ቤቱን መገንባቱን ትቶ ጥቂት ወታደርና ሠራተኛ ወደ ሆንግ ሰፈር ላከ፤ እዚያው ደጁ ላይ ምሽግ ሠራ። ወታደሮቹ ምሽጉ ውስጥ ገብተው ይተኩሳሉ። ሆንግ ገና ጦር አላሠለጠነም። አለቀ። ሁለተኛው ጨዋታ፦ እንደገና ምሽግ። አለቀ። ሦስተኛው፦ እንደገና ምሽግ! 3 ለ 0። ሦስቱም ተደምረው ግማሽ ሰዓት አልሞሉም። ኮሪያውያን ሲቀልዱ «ጨዋታ እያየን እንበላለን ብለን ያዘዝነው ዶሮ ሳይደርስ አለቀ» ይላሉ።

ችሎቱ ተሰየመ። ከሳሽ እንዲህ አለ፦ «ሕዝብ ሁለት ጀግኖች ሲፋለሙ ለማየት ቁጭ ብሎ፣ እሱ የሌባ ሥራ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አሳየው። ንጉሠ ነገሥት እንዲህ ያሸንፋል?» ጠበቃ መለሰ፦ «ሕግ ይከለክላል? አይከለክልም። ደጁን ሳይዘጋ ጎተራ የሚሠራው ሆንግ ነው ጥፋተኛው። አንዴ የተነደፈ እንዴት ሦስቴ ይነደፋል?» ለሆንግ ያዘኑት ደግሞ «ሠራተኞቹን ከማዕድን አንስቶ ምሽጉ ሳያልቅ ቢያፈርሰው ኖሮ» እያሉ ሴኮንድ ቆጠሩ። በመጨረሻ ጠለቅ ያለ ነገር የሚያስብ ተነሣ፦ «ሁለት ጊዜ ያደረገውን ሦስተኛ ይደግመዋል ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ድፍረቱ ሦስተኛው ላይ ነው። ማንም አይደግመውም ያለውን መድገሙ ነው ብልሃቱ።»

ይህን ለመከራከር ምሽግ በስንት ሴኮንድ እንደሚያልቅ፣ ወታደር ከየት ተነሥቶ መቼ እንደሚደርስ፣ ሰላዩ የት ላይ እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። «የተሰማኝን ተናገርኩ» አይሠራም። የጨዋታው ቅጂ አለ፤ ተመልሶ ይታያል። ማስረጃ የሌለው ሰው ወዲያው ይታወቅበታል። ክርክሩ ሕዝቡን ያስተማረው እንዲህ ነው።

ፍርዱስ? ቦክሰር በዚያው ወር በፍጻሜው በራሱ ደቀ መዝሙር በቾይ ዮን-ሶንግ 3 ለ 2 ተሸነፈና በሕዝብ ፊት አለቀሰ። ሆንግ ደግሞ «ሁለተኛ» የሚለው ስም ለዘላለም ተለጠፈበት፤ ነገር ግን ስሙ ከስድብ ወደ ፍቅር ተለወጠ። ከጨዋታ ዓለም ከወጣ በኋላ በ2013 «ዘ ጂኒየስ» በተባለ የቴሌቪዥን የብልሃት ውድድር አንደኛ ወጣ። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2022፣ ቀኑም ወሩም ዓመቱም ሁለት በሁለት ሲሆን፣ አድናቂዎቹ የሆንግ ቀን ነው ብለው ሲሳሳቁ ዋሉ። ዋንጫ የወሰዱ ስንት ተጫዋቾች ተረስተዋል!

* * *

«ይሄ የሩቅ ምሥራቅ ጉድ ነው» የሚል ካለ የአያቶቹን ሰንጠረዥ ረስቷል ማለት ነው። የእኛው ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ የሚለይባት አንዲት አስገራሚ ነገር ነበረች። መጀመሪያ ላይ ተራ የለም። «ወረራ» ይባላል፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ፣ እንደ ልባቸው ያሰልፋሉ። ስታርክራፍት ተራ ያልጠበቀው ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ነው!

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ማየቱን ጽፏል። የሰንጠረዥ ተመልካች ደግሞ አፉን ዘግቶ የሚያይ አልነበረም፤ «ፈረሱን! ፈረሱን!» እያለ ምክሩን በግላጭ ይወረውራል። ከሁሉ የሚገርመው የአገዳደል ወጉ ነው። ንጉሡን በፈረስ ወይም ዛሬ ሩክ በምንለው ጠጠር መግደል ማሸነፍ ነው፤ ግን ብዙም አያስመሰግንም። በደካሞቹ ጠጠሮች፣ በተለይም በመደቅ እያጣመሩ መግደል ነው የሚያስከብረው። ሕጉ ሁለቱንም ይፈቅዳል። ልዩነቱን ያመጣው የተመልካች ዓይን ነው። እንግዲህ «ምሽግ ደጅ ላይ ሠርቶ ማሸነፍ ማሸነፍ ነው ወይ?» የሚለው የኮሪያውያን ጥያቄ ከዚህ በምን ይለያል?

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰንጠረዣችን በዘመናዊው ቼዝ ተተክቶ ቀረ። እንደ እኔ ግምት አንድ ጨዋታ የሚሞተው ተጫዋች ሲያጣ ብቻ አይደለም። ዙሪያውን ከቦ «እንዲህ አይገደልም!» የሚል ሰው ሲጠፋም ነው። ወጉን ይዞ የኖረው እሱ ነውና።

* * *

አሁን ወደ መራራው ክፍል እንግባ። ማርች 3 ቀን 2007፣ እዚያው ኮሪያ፣ ሌላ ፍጻሜ። በአንድ በኩል «ሴቪየር» የሚባለው ማ ጄ-ዩን ተቀምጧል፤ በዚያን ጊዜ የሚደርስበት አልነበረም። በሌላ በኩል የ17 ዓመቱ ኪም ቴክ-ዮንግ። ኪም የሚጫወትበት ወገን ደግሞ ለማ ወገን ሲሳይ ነው ይባል ነበር። ልጁ በሚበርሩ መርከቦች ሰማዩን ዘጋበት፤ የማይታዩ ተዋጊዎችን ከኋላ አስገባበት። 3 ለ 0! ተመልካቹ ያን ቀን «የማርች 3 አብዮት» ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲያ ዘዴው የተማሪ ቤት ትምህርት ሆነ፤ በየፒሲ ባንጉ ተደገመ።

ሦስት ዓመት አለፈ። በሜይ 2010 የሶል ዐቃቤ ሕግ አንድ ጉድ ይፋ አወጣ። ተጫዋቾች ከቁማር አጫዋቾች ገንዘብ እየተቀበሉ ሆን ብለው ይሸነፉ ነበር። ከተጠረጠሩት መካከል ትልቁ ስም ማ ጄ-ዩን ነበር። ማኅበሩ 11 ተጫዋቾችን ዕድሜ ልክ አገደ፤ የማን ክብሮችም ሰረዘ። ፍርድ ቤቱ በማ ላይ የአንድ ዓመት እስራት በሁለት ዓመት ገደብና የ120 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ፈረደበት። በ2016 ደግሞ በስታርክራፍት 2 ሊ ሱንግ-ህዩን በተመሳሳይ ወንጀል ተፈረደበት፤ የ18 ወር እስራት በሦስት ዓመት ገደብና የ70 ሚሊዮን ዎን ቅጣት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ታላቁ የቡድኖች ሊግ ተዘጋ። ለመዘጋቱ ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩት፤ የስፖንሰሮች መሸሽ፣ የወጣቱ ወደ አዳዲስ ጨዋታዎች መሄድ። ጉዱ ግን ጉልበት አልጨመረለትም።

የማ ክስ ስለ 2007ቱ ፍጻሜ አልነበረም፤ ይህ በደንብ ይታወቅ። ግን ጥርጣሬ ቀን አይመርጥም። አንድ ጊዜ የተሸጠ ጨዋታ ካየህ በኋላ እያንዳንዷን ስሕተት ስታይ «ሳተ ወይስ ተከፈለው?» ትላለህ። «ሠራተኞቹን ለምን አላነሣም?» ብሎ መከራከር ትርጉም የሚኖረው ሰውየው ለማሸነፍ ፈልጎ ነበር ብለህ ስታምን ነው። ያ እምነት ከሌለ የችሎቱ መዝገብ በሙሉ ይዘጋል። ስለዚህ እነዚያ ተጫዋቾች የሸጡት የራሳቸውን ሽንፈት ብቻ አልነበረም። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ዓመታት ሙሉ ያጠራቀመውን ዕውቀትና ክርክርም አብረው ሸጡት። የእነሱ ያልሆነ ንብረት ነበር።

ነገሩ ለእኛም ቅርብ ነው። በቅርብ ዓመታት የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየከተሞቻችን በብዛት ሲከፈቱ አይተናል። ወረቀት በእጁ የያዘ ሰው ኳስ ሲያይ ተመልከቱት። ሌላው «እንዴት ያለ ቅብብል ነው!» ሲል እሱ «ሁለት ጎል ብቻ ይበቃኛል» ይላል። እንዴት እንደገባ አይገደውም። ሦስት ሰው አታልሎ ያለፈው ልጅም፣ እግሩን ነክታ የገባችለት ልጅም ለእሱ እኩል ናቸው። ውርርዱ የኪሱን ገንዘብ ከመውሰዱ በፊት ዓይኑን ወስዶበታል።

ለዚህ ነው ለተከራካሪው ጥብቅና የቆምኩት። ቡና ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ማሸነፉንስ አሸነፈ፤ ግን እንዲህ አይሸነፍም!» የሚለው ሰው የሚሠራው ሥራ አለ። ለውጤት ሁሉ እጅ ነሥቶ ከመቀበል በፊት መንገዱን ይጠይቃል። ልምምዱ ከጨዋታ ውጪም ያስፈልጋል፦ ቦታ ላይ ሰው ሲሾም፣ ጨረታ ሲከፈት፣ ምርጫ ሲቆጠር። እንዴት እንደተሸነፈ መጠየቅ በኳስና በጠጠር ያልተለማመደ ሕዝብ በትልቁ ነገር ላይ ከየት ያመጣዋል?

እናም በሚቀጥለው ጊዜ ልጃችሁ ከጓደኛው ጋር ስለ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲጨቃጨቅ ብትሰሙ «ዝም በል!» ከማለታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ትንሽ አድምጡ። «እንዴት አወቅህ? አሳየኝ» ብቻ በሉት። ማሳየት ከቻለ ተዉት ይከራከር።

ቸር ይግጠመን።